የሚፈታው ሰው

ከአማርኛ ቃላት መካከል «መፍቻ» የሚለውን የምወደው በምክንያት ነው። የመካኒኩን መፍቻ ማለቴ ነው። ይህ መሣሪያ፣ ያው እንደምታውቁት፣ ብሎንና ዳዶ ይፈታል፤ ያጠብቃልም። መኪና በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥማ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠብቅ ኖሮ አንዲት ዳዶ ሳይፈታ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። እኛ ግን «ማጥበቂያ» አላልነውም። ስሙን ያወጣው ሰው መኪና ሲሠራ የዋለ ሳይሆን መኪና የቆመበት ሰው መሆን አለበት። መኪናው እንደሆነ ጠብቆ፣ ተሠርቶ ነው የመጣልን። ለእኛ የቀረልን ሥራ መፍታቱ ነው።

ከመፍቻ አለፍ ካልን የጋራዡ ቋንቋ ብዙው ከጣልያን የወረስነው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩት ጣልያኖች በኩል የገባውን ቃል ብዛት አስቡት! ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ… ካቻቢቴን ውሰዱ። «ካቻ» ማሳደድ፣ ማባረር ነው፤ «ቪቴ» ደግሞ ብሎን። ጣልያኑም እንግዲህ ዕቃውን የጠራው ብሎን በሚያስወጣበት ሥራው ነው ማለት ነው። ዳዶ ደግሞ በጣልያንኛ ለቁማር የሚጣለው ባለ ስድስት ገጽ ጠጠርም ስሙ ነው። የዛገ ዳዶ ላይ መፍቻ አጥልቆ ትንፋሹን የያዘ ሰው፣ ሁለቱ ነገሮች ለምን አንድ ስም እንደተካፈሉ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ለብዙ ዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ «ይህ ቃል ይጠብቃል፣ ያኛው ይላላል» ስል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ሌላም ያሳስበኛል። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም። «ገና» ብለን እንጽፋለን፤ ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «ቆይ፣ አልደረሰም» ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ብሎንም እንዲሁ ነው። ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ምን ያህል እንደጠበቀ አይነግራችሁም። መፍቻ አግብታችሁ ስትሞክሩት ብቻ ነው ያጠበቀው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የምታውቁት። ያን ጊዜ ደግሞ እሱ የለም።

ብዙ ሰው ብሎን የሚይዘው ጥርስ ጥርስን ስለነከሰ ብቻ ይመስለዋል። ብሎን ሲጠብቅ ግን ይለጠጣል። በዓይን አይታይ እንጂ ብረቱ እንደ ላስቲክ ይረዝማል፤ ወደ ቦታዬ ልመለስ ሲል ነው ሁለቱን አካል ጨምቆ የሚይዘው። የሚገርመው ታዲያ መፍቻው ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው በግምት ከመቶ አሥር እጅ ብቻ ነው። የቀረው በሰበቃ ያልቃል፤ ከፊሉ ከዳዶው ሥር፣ ከፊሉ በጥርሶቹ መሐል። አሁን በዚህ ላይ ውኃ ይግባበት። ብረት ሲዝግ የሚፈጠረው ቀይ ዱቄት ዝገቱ ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። በጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተት ደግሞ የወረቀት ያህል ቢሆን ነው። መሄጃ ያጣ ዝገት እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይወጠራል። ጨው ካገኘ ደግሞ አይጣል ነው። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሆዱን አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችንም በየክረምቱ መንገዳቸው ላይ የሚበተነው ጨው መኪናቸውን ከሥሩ እንዴት እንደሚበላው ያውቁታል። ከእንዲህ ዓይነት አገር አገልግሎ እኛ ዘንድ የሚመጣ መኪና ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሥሩ ሲገባ ግን መካኒኩ አንገቱን ይነቀንቃል። የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲሆን የባሰ ነው። ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ እንደ ባትሪ ይሠሩና አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ብሎኑን አንቆ ይይዘዋል።

የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሰባን የተሻገሩ ናቸው፤ ዛሬም ቱታቸውን ለብሰው መኪና ሥር ይገባሉ። እኔም አንዳንድ ቅዳሜ መኪና ባይበላሽብኝም ሄጄ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ስሜን ያውቁታል፤ ግን «መምህር» ይሉኛል። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ዲኤክስ ማርሚታ ሊወርድ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ሦስት ብሎኖች ብሎን መሆናቸው ቀርቶ ዝገት ሆነዋል። አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው ረዳታቸው መፍቻውን አጥልቆ ሁለት ጊዜ ታገለና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ቱቦ ላምጣ?»

«ቱቦ ለነገ ነው። ዛሬ ጋዝ አምጣ።»

ነጭ ጋዝ ነው። በመጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን እንዲፈገፍግ አደረጉት። ልጁ ለይስሙላ ሲያሻሽ «አንተ ልጅ፣ ጥርሱ ይታየኝ» አሉት። ቀጥሎ ጋዙ ጠብ ጠብ ተደረገ። ትንሽ ቆይተው የብሎኑን ራስ በመዶሻ መታ መታ አደረጉ፤ ለመስበር ሳይሆን ለማንቀጥቀጥ ያህል። ከዚያ እንደገና ጋዝ። ከዚያ ሻይ። ደንበኛው ሰዓቱን ያያል፤ ሽማግሌው ሻያቸውን ያማስላሉ። «ነገ ጠዋት» ሲሉት ሰውየው «ለሦስት ብሎን?» አለ። «ለሦስት ብሎን» አሉ።

እዚህ ላይ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ዘይት እንዳለ አውቃለሁ። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ሁላችንም ዘንድ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሠራ የታሰበው ሚሳይል እንዳይዝግ ውኃን ለማባረር ነበር፤ ቁጥሩም አርባኛው ሙከራ መሳካቱን የሚናገር ነው። ሽማግሌው አይጠሉትም። «ጥሩ ነው፤ ግን እሱንም ረጭተህ ካልጠበቅከው ከውኃ አይሻልም» ይላሉ። ኮካ ኮላ ስለሚያፈሱ ሰዎችም ጠይቄያቸው ነበር። ፎስፎሪክ አሲድ ስላለው ዝገት መብላቱ እውነት ነው፤ ብቻ በጣም ይዘገያል። «ጠጣውና ጋዝ ግዛበት» አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። እንዴት እንደሚፈቱት ማየት ነበረብኝ። መፍቻውን አጠለቁና፣ አይገርማችሁም፣ በመጀመሪያ ያደረጉት ማጥበቅ ነው! ትንሽ፣ የጸጉር ያህል። «ዝገቱ ይሰበር እንጂ በየት በኩል እንደተሰበረ ምን አገባህ?» አሉ። ከዚያ ወደ መፍታቱ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ማጥበቁ፣ እንደገና ወደ መፍታቱ። ሩብ ዙር ወጥቶ ግማሹን ይመለሳል። በመሐሉ ጋዝ። አንደኛው ብሎን «ቋ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ደነገጠ፤ እሳቸው ፈገግ አሉ። የሚጮህ ብሎን ጤነኛ ነው። የሚፈራው ድምፅ ሳያሰማ እንደ ማስቲካ ለስለስ ብሎ የሚሄደው ነው፤ እየተፈታ ሳይሆን አንገቱ እየተጠመዘዘ ነውና። ሁለተኛው ላይ ይኸው ሆነ። መፍቻው ያለችግር ሲሄድ ልጁ ደስ ብሎት ሊቀጥል ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። «ተው። ይሄ ሊበጠስ ነው።»

ብሎን ተበጠሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ጉቶው ውስጥ ይቀራል። ትራፓኖ አምጥቶ መሐል ለመሐሉ መብሳት ይመጣል፤ ወይም ጉቶው ላይ ሌላ ዳዶ በይዶ በዚያ መያዝ፤ ሁሉም ካልሆነ አካሉን አውርዶ ቶርኖ ቤት መውሰድ። ሁለት ደቂቃ ለመቆጠብ የተጣደፈ ሰው ሁለት ቀን ይከፍላል። ሽማግሌው ታዲያ እሳት አስመጡ። ነበልባሉን ያሳረፉት ብሎኑ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን በያዘው ብረት ላይ ነው፤ እሱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ብሎኑን ይለቀዋል። የነዳጅ ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገዋል። ብረቱ ሲግል ከኪሳቸው ጧፍ አወጡ። አዎን፣ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ። ጫፉን አስነኩት፤ ሰሙ ቀለጠና እያየን በጥርሶቹ መሐል ወደ ውስጥ ተመጠጠ። ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩትን ያህል፣ ሰም ለተራ ብረትም እንዲህ እንደሚሆን አንድም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም። ብረቱ በረድ ሲል መፍቻው ገባ። ወጣ።

ሲገጥሙት ደግሞ አዲሶቹ ብሎኖች ላይ መዳብ የተቀላቀለበት ግራሶ ቀቡ። ልጁ «ለምንድን ነው?» አለ። «ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚፈታው ሰው» አሉት። እሳቸው እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ ሒሳብ እንደመንገር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን የሽማግሌው ጋራዥ አይደለም። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የነገረችኝ ነው። ዛሬ እሷም ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች። ኅዳር ውስጥ እናቷንና የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ በቪትዝ መኪናዋ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ፣ ሸኖ አካባቢ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። የሸኖን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መኪናዋን ዳር አስያዘች፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራች፤ ጎማው ላይ ድንጋይ አስደገፈች። ክሪኩን ከመስቀሏ በፊት፣ ጎማው መሬት እንደረገጠ፣ ዳዶዎቹን ማላላት ጀመረች። አሠራሯ አንድም ነቀፌታ የለበትም። ሦስቱ እየጮኹም ቢሆን ወጡ። አራተኛው እምቢ አለ። በእጇ፣ በእግሯ፣ በመጨረሻም መፍቻው ላይ ወጥታ ቆመችበት። ሲንሸራተት የዳዶው ጥግ ጥጉ ተላጠ፤ የእሷም ቅልጥም ተላጠ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። መኪኖች ረዥሙን መብራት እየለቀቁ ያልፋሉ፤ የሚቆም የለም። አልፈርድባቸውም፤ በጨለማ መንገድ ላይ መቆም ዛሬ የሚያስፈራ ነገር ሆኗል። እናትየዋ ይጸልያሉ። ልጁ መጀመሪያ ጨዋታ መስሎት ነበር፤ በኋላ ግን «እማዬ፣ ለምን አትፈቺውም?» ማለት ጀመረ። ካለቀሰችው ይልቅ ይህች ጥያቄ ናት እስካሁን የምታሳርራት።

በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩና ረዳቱ ወረዱ። ሹፌሩ ዳዶውን በባትሪ መብራት አየና ረዳቱን «ትንሽ ጠበብ ያለውን አምጣ» አለው። ጠበብ ያለውን ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ በተላጠው ዳዶ ላይ በመዶሻ መትቶ አስገባው። እጀታው ላይ የአንድ ሜትር ያህል ቱቦ ሰካ። አንድ ጊዜ ተጫነው፤ ጮኸ፤ ዞረ። ስኮርታ ጎማውን ራሱ ገጠመላት። ገንዘብ ስትሰጠው አልተቀበላትም። «እህቴ፣» አለ አሉ፣ «ይሄን ያጠበቀው ሰው የሚፈታ ሰው መኖሩን አልሰማም።»

ከሁለት ወር በፊት ያጠበቀው አንድ ጎሚስታ ነው። በአየር የሚሠራውን መፍቻ «ትርርርር» አድርጎ፣ ከዚያ ደግሞ ለማረጋገጥ ያህል በባለ መስቀሉ መፍቻ ላይ ወጥቶ ዘለለበት። እሷ ቆማ አይታለች። ያን ጊዜ «ጎበዝ ሠራተኛ» ብላ ነበር።

እስኪ ቁጥሩን እንየው። ቶዮታ ለእንዲህ ያለ መኪና ጎማ የሚያዘው የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በእኛ ቋንቋ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ አሥር ኪሎ ተኩል ማንጠልጠል ማለት ነው። ከመኪናው ጋር የሚሰጠው መፍቻ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ 42 ኪሎ። ሴት ልጅ ክብደቷ አይጠየቅምና አልጠየቅኳትም፤ ከ42 ኪሎ እንደምትበልጥ ግን በየትኛውም ፍርድ ቤት እመሰክራለሁ። ዳዶው በልኩ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ትንሽ ዝገት ቢጨመርበትም፣ ቆማበት የማይላላበት ምክንያት አልነበረም። አውቶሞቢሉን ያሰቡት ሰዎች እሷን አስበዋታል። መፍቻውንም የሰጧት ለዚህ ነው። መሐል ላይ የገባው የእኛ ዝላይ ነው።

ጎሚስታውን ግን ለመርገም አልቸኩልም። ነገሩን በእሱ ወንበር ተቀምጣችሁ እዩት። ጎማ ላልቶ ቢወልቅና ሰው ቢሞት እሱ ይጠየቃል። ጎማ ጠብቆ አልፈታ ቢል ግን ማን ይጠይቀዋል? ሸኖ ላይ የቆመችው ሴት ተመልሳ ስሙን አትጠራም። ደንበኛውም ቢሆን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሚናገራት አንዲት ቃል ናት፤ «አጥብቀው!» «በልኩ አድርገው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልጁም ከልጅነቱ ጀምሮ የተመሰገነው በማጥበቁ ነው። ብሎኑ ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ጥንካሬው እንደሚደክም፣ ፍሬኑ ያለበት ክብ ብረትም ሊጣመም እንደሚችል የነገረው የለም። ዳዶ ጠበቀ ማለት ደኅና ነው ማለት ነው፤ በቃ።

ይህ ጠባይ ታዲያ ጎሚስታ ቤት ብቻ ያለ አይደለም። የአዲስ አበባን ቤቶች መስኮት ተመልከቱ። ሌባ እንዳይገባ ብለን ብረት እናስበይዳለን፤ ፍርግርጉ ዳር እስከ ዳር የተበየደ ነው፣ ማጠፊያም ቁልፍም የለውም። ሌባው አይገባም፤ እውነት ነው። ማእድ ቤት እሳት ቢነሳ በዚያ መስኮት የሚወጣው ሕፃን ግን የማን ነው? በያጁ ጎበዝ ነበር። ብየዳው አይለቅም።

የመኪናው ጉዳይ ደግሞ ከእንግዲህ እየባሰ የሚሄድ ይመስለኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። መልካም ነው፣ በኤሌክትሪክ እንሂድ። ግን አገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ፣ ቪትዝና ኮሮላ ነገ ጠዋት አይተንም። ሶማሌ ተራ መለዋወጫው እየተፈለገ፣ እየተፈታ፣ እየተገጠመ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። አንዱ ብሎን አምስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ በተለያየ ሰው እጅ ይፈታል። ያ ልጅ ዛሬ መዳብ ያለው ግራሶ መቀባቱን ሌላ ጋራዥ ያለ፣ አይቶት የማያውቅ መካኒክ ከዓመታት በኋላ ነው የሚያገኘው። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ጎማው በዳዶ ነው የሚታሰረው፤ ባትሪውም ሆዱ ሥር በብሎን ነው የተያዘው፤ ጎርፉ ደግሞ ያው የአዲስ አበባ ጎርፍ ነው።

ባለፈው ወር እኔም ጎማ ልቀይር ገባሁ። ልጁ የአየሩን መፍቻ ሲያነሳ «በእጅ ይሁንልኝ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቢወልቅብዎትስ ጋሼ?»

«በልኩ አጥብቅልኝ። ሀምሳ ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ታየዋለህ።»

በመፍቻ አጠበቀ፤ ሳይዘል። እግሩ ግን ሁለት ጊዜ ከመሬት ሲነሳ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። አንድ በአንድ ሞከራቸው። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም፤ በአራተኛዋ ላይ መፍቻው የጣት ያህል ሄደ።

«አዩ ጋሼ!» አለኝ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። «በአየሩ ቢሆን ኖሮ ይቺ የት አባቷ ትሄድ ነበር?»

«ለዚህ ነዋ የተመለስኩት።»

«ሁሉ ሰው ይመለሳል እንዴ?»

መልስ ሳልሰጠው ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሂሳብ አልቀበልም ብሎኝ ወደዚያ ሮጠ። ባለቤቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንዲት ቃል ተናገረው፤ ልጁም የአየሩን መፍቻ አነሳ።